የፖለቲካ መሪዎች የአፍ ወለምታ

የፖለቲካ መሪዎች የአፍ ወለምታ ማለት መንግሥት ወይም ፓርቲ የሚመሩ ሰዎች በአደባባይ ሲናገሩ ሳያስቡት የሚያመልጣቸው ቃል፣ የሚያምታቱት ስም ወይም እውነታ፣ ወይም ማንም አይሰማንም ብለው የተናገሩት ነገር ተሰምቶ የሚፈጠር ስህተት ነው። ሲናገር የማይሳሳት ሰው የለም። የመሪ ስህተት የሚለየው ግን ቃሉ እንደ ግል አስተያየት ሳይሆን እንደ መንግሥት አቋም ስለሚወሰድ ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ያልታሰበበት ዓረፍተ ነገር ድንበር አስከፍቷል፣ አምባሳደር አስጠርቷል፣ የምርጫ ዘመቻም አናግቷል። በሌላ በኩል ብዙ የተወራላቸው ስህተቶች ዘላቂ ውጤት ሳይኖራቸው ተረስተዋል። ልዩነቱን የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ የስህተቱ ትልቅነት አይደለም፤ አድማጩ አስቀድሞ በልቡ የያዘው ጥርጣሬ ወይም ተስፋ፣ እንዲሁም መሪው ከስህተቱ በኋላ የሚያደርገው ነገር ነው።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) የተጻፉ ናቸው።

ስያሜ

ወለምታ በመሠረቱ የእግር ወይም የእጅ መገጣጠሚያ ሲዞር የሚደርስ ጉዳት ነው። አማርኛ ቃሉን ለንግግር ስህተትም ያውለዋል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ሁለቱን ያነጻጽራል፤ ወለም ያለው እግር በቅቤ ታሽቶ ይድናል፣ ከአፍ ያመለጠ ቃል ግን እንዲህ ያለ መድኃኒት የለውም ማለት ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው አባባልም ተመሳሳይ ሐሳብ አለው፤ የተነገረ ቃል አይመለስም።

አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ማይክል ኪንስሊ በ1980ዎቹ ዓመታት ለዚሁ ጉዳይ የሰጠው የፌዝ ፍቺ በሰፊው ይጠቀሳል። እንደ እሱ አባባል ፖለቲከኛ ተሳሳተ የሚባለው እውነቱን ሲናገር ነው። ይህ ፍቺ አንድን ዓይነት ስህተት ብቻ፣ ማለትም መሪው ደብቆት የነበረው ሐሳብ ሲያመልጠው የሚፈጠረውን፣ ይመለከታል።

ዓይነቶች

በአጠቃላይ የአፍ ወለምታ ተብለው የሚጠሩት ክስተቶች በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው፦

• የቃል መቀያየር፦ ተናጋሪው ሊል የፈለገውን ስም ወይም ቃል ትቶ ለሱ ቅርብ የሆነውን ሌላ ይናገራል።
• የእውነታ ስህተት፦ ተናጋሪው ያለውን ማለት ፈልጎ ነው ያለው፤ ያለው ነገር ግን ትክክል አይደለም።
• የተከፈተ ማይክሮፎን፦ በጓዳ የተባለው ነገር በአደባባይ ይሰማል።
• ያልታሰበበት መልስ፦ መሪው ለጥያቄ በችኮላ የሰጠው መልስ እንደ ይፋዊ ውሳኔ ይወሰዳል።
• የትርጉም ስህተት፦ መሪው በትክክል የተናገረው ነገር በሌላ ቋንቋ ተዛብቶ ይደርሳል።
• የድርጊት ስህተት፦ ጉዳዩ ቃል ሳይሆን መልክና ሁኔታ ነው። በ1988 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ማይክል ዱካኪስ የራስ ቁር ደፍተው በታንክ ላይ የታዩበት ምስል ለተቃዋሚዎቻቸው የማስታወቂያ መሣሪያ ሆኗል። በሜይ 1 ቀን 2003 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ «ተልዕኮው ተፈጽሟል» የሚል ጨርቅ በተሰቀለበት የጦር መርከብ ላይ ስለ ኢራቅ መናገራቸውም፣ ጦርነቱ ለዓመታት በመቀጠሉ፣ በዚሁ ክፍል ይመደባል።

መንስኤዎች

የንግግር ስህተትን በሳይንሳዊ መንገድ ማጥናት የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1895 የቪየናው የቋንቋ ምሁር ሩዶልፍ ሜሪንገር ከሐኪሙ ካርል ማየር ጋር ሆኖ በርካታ የንግግርና የንባብ ስህተቶችን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ከሜሪንገር ምሳሌዎች አንዱ የፖለቲካ ነበር፤ የኦስትሪያ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ስብሰባውን ሲከፍት «ተከፍቷል» በማለት ፈንታ «ተዝግቷል» ብሎ አወጀ።

ይኸው ምሳሌ ሁለት ተቃራኒ ማብራሪያዎችን አስገኝቷል። ሜሪንገር ተቃራኒ ቃላት በአእምሮ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ በቀላሉ ይቀያየራሉ አለ። ሲግመንድ ፍሮይድ ግን በ1901 በታተመው የዕለት ተዕለት ሕይወት ሥነ ልቦናን በሚመለከተው ሥራው፣ አፈ ጉባኤው ከስብሰባው መልካም ነገር ስላልጠበቀ እንዲዘጋ በልቡ ተመኝቶ ነበር ሲል ተረጎመው። የአፍ ወለምታ የተደበቀ ሐሳብን ያጋልጣል የሚለው ሰፊ እምነት በአብዛኛው ከፍሮይድ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ወደ ሜሪንገር አመለካከት ያደላሉ። አሜሪካዊቷ የቋንቋ ምሁር ቪክቶሪያ ፍሮምኪን በ1971 ባሳተመችው ጥናት፣ ስህተቶቹ እንዲሁ የተዘበራረቁ ሳይሆኑ የቋንቋውን ሕግ የተከተሉ መሆናቸውን አሳየች። ስም በስም፣ ግስ በግስ ይተካል፤ ይህም አእምሮ ዓረፍተ ነገሩን ከመናገሩ በፊት አስቀድሞ እንደሚያዘጋጅ ያመለክታል። በ2016 ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ደግሞ፣ ሰዎች የሚያውቋቸውን ሰዎች ስም ሲያምታቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምድብ ውስጥ ያሉትን እንደሚቀያይሩ አረጋግጧል፤ እናት የአንዱን ልጇን ስም በሌላው ልጇ ስም እንደምትጠራው ማለት ነው። አንድ ፕሬዚዳንት ሌላውን ፕሬዚዳንት በሦስተኛው ስም ሲጠራም አሠራሩ ከዚህ አይለይም።

ይህ ማለት ሐሳብና ስጋት ምንም ድርሻ የላቸውም ማለት አይደለም። ሚካኤል ሞትሊና በርናርድ ባርስ በ1979 ባሳተሙት ሙከራ፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል የተነገራቸው ሰዎች ከንዝረት ጋር የተያያዙ ስህተቶችን አብዝተው ሠርተዋል። በአእምሮ ፊት ለፊት የቆመው ነገር ወደ አፍ ይቀርባል። ነገር ግን የሚያሳስብ ነገር ሁልጊዜ የተደበቀ ምኞት አይደለም። ድካም፣ ዕድሜ፣ የእንቅልፍ እጥረት፣ ረጅም ጉዞ እና በቀን ብዙ ጊዜ መናገርም ስህተትን ያበዛሉ።

በአማርኛ የሚነበብ ንግግር የራሱ የሆነ ወጥመድ አለው። ፊደሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ይበላል» የሚለው ቃል ሲላላ አንድ ሰው ምግብ መመገቡን፣ ሲጠብቅ ደግሞ ያው ሰው ራሱ ምግብ መሆኑን ይናገራል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ይጠቁማል። የተዘጋጀ ጽሑፍ ሳይለማመድ የሚያነብ ተናጋሪ በዚህ ሊሰናከል ይችላል። «እርስዎ» ሊባል የሚገባውን ሰው «አንተ» ማለትም፣ የዓረፍተ ነገሩ ይዘት ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ፣ በአድማጭ ዘንድ ከእውነታ ስህተት የከፋ ነውር ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

ታዋቂ ክስተቶች

የበርሊን ግንብ መከፈት

ከተመዘገቡት የመሪዎች የንግግር ስህተቶች ሁሉ ትልቁን ውጤት ያስከተለው በኖቬምበር 9 ቀን 1989 በምሥራቅ በርሊን የተፈጸመው እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ጉንተር ሻቦቭስኪ የምሥራቅ ጀርመን ገዥ ፓርቲ የፖሊት ቢሮ አባልና በወቅቱ የፓርቲው ቃል አቀባይ ነበር። በዚያ ምሽት በቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍ ጋዜጣዊ መግለጫ ማብቂያ ላይ ስለ አዲስ የጉዞ ደንብ የተጻፈ ወረቀት አነበበ። ወረቀቱን ከፓርቲው መሪ ከኤጎን ክሬንዝ የተቀበለው በዚያው ቀን ሲሆን፣ ደንቡ ሲብራራ በቦታው አልነበረም።

ደንቡ ዜጎች ወደ ውጭ ለመውጣት በቀላሉ ቪዛ እንዲጠይቁ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ይፋ ሊደረግ የታሰበው በማግስቱ ነበር። ጋዜጠኞቹ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ሲጠይቁት፣ ሻቦቭስኪ ወረቀቱን አገላብጦ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ «ወዲያውኑ፣ ያለ መዘግየት» ሲል መለሰ። የምዕራብ ጀርመን የዜና ማሰራጫዎች ድንበሩ መከፈቱን አወሩ። የምሥራቅ በርሊን ነዋሪዎችም ይህንን ሰምተው ወደ ኬላዎቹ ጎረፉ። ጠባቂዎቹ ምንም ትዕዛዝ አልደረሳቸውም ነበር። በቦርንሆልመር ጎዳና ኬላ ተረኛ የነበረው መኮንን ሃራልድ ዬገር ለአለቆቹ ደጋግሞ ስልክ ቢደውልም ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ መዝጊያውን አስከፈተ። ከ1961 ጀምሮ ለ28 ዓመታት ከተማዋን የከፈለው ግንብ በዚያች ሌሊት ትርጉሙን አጣ።

ስህተቱ ብቻውን ግንቡን አላፈረሰም። ሀንጋሪ በዚያው ዓመት ድንበሯን ከፍታ ነበር፤ በላይፕዚግና በሌሎች ከተሞችም ሕዝቡ ለሳምንታት ሰልፍ ወጥቷል። ሻቦቭስኪ ያመለጠው ቃል ግን ብዙዎች ለመስማት ሲጠብቁት የቆዩት ቃል ነበር። ያም ቃል ከተሰማ በኋላ መንግሥት ሳይተኩስ ሊመልሰው የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

የፎርድ ክርክር

በኦክቶበር 6 ቀን 1976 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ክርክር ላይ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ምሥራቅ አውሮፓ በሶቪየት ኅብረት የበላይነት ሥር እንዳልሆነ ተናገሩ። ጠያቂው ጋዜጠኛ ተገርሞ ዕድል ቢሰጣቸውም አቋማቸውን ደገሙት። በወቅቱ የሶቪየት ጦር በፖላንድና በሌሎች የአካባቢው አገሮች ሰፍሮ ነበር።

በዚያው ሌሊት የተጠየቁ ተመልካቾች ፎርድን የተሸነፈ አድርገው አልቆጠሩም ነበር። አስተያየታቸው የተለወጠው በሚቀጥለው ቀን ጋዜጦችና ቴሌቪዥን ስህተቱን ደጋግመው ካቀረቡት በኋላ ነው። ፎርድም ስህተታቸውን በግልጽ ለማመን ቀናት ወሰደባቸው። በኖቬምበር በጂሚ ካርተር በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ። ይህ ክስተት አንድ ስህተት ትልቅ የሚሆነው ተናጋሪው ሲናገረው ሳይሆን፣ ሌሎች ሲደጋግሙትና እሱም ለማረም ሲዘገይ መሆኑን ለማሳየት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

የተከፈቱ ማይክሮፎኖች

በኦገስት 11 ቀን 1984 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ለሳምንታዊው የሬዲዮ ንግግራቸው ድምፅ ሲሞክሩ፣ ሩሲያን ለዘለዓለም ሕገ ወጥ የሚያደርግ አዋጅ መፈረማቸውንና የቦምብ ድብደባው በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደሚጀመር በቀልድ ተናገሩ። ቀልዱ በቀጥታ ባይተላለፍም ሾልኮ ወጣ፣ ሶቪየት ኅብረትም አወገዘችው። ሆኖም ሬገን በኖቬምበሩ ምርጫ ከ50ዎቹ ክፍላተ አገራት 49ኙን አሸነፉ።

የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ዕጣ የተለየ ነበር። በኤፕሪል 28 ቀን 2010፣ ከምርጫው ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ በሮችዴል ከተማ አንዲት መራጭ ስለ ስደተኞችና ስለ ሌሎች ጉዳዮች ጠየቀቻቸው። ብራውን በትሕትና ከተሰናበቷት በኋላ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሴትዮዋን ጭፍን ጥላቻ ያላት ሲሉ ለረዳታቸው ተናገሩ፤ የቴሌቪዥን ማይክሮፎኑ ግን ከልብሳቸው ላይ አልተነሣም ነበር። ጥቂት ቆይተው በሬዲዮ ጣቢያ ቅጂው ሲሰማ ግንባራቸውን በእጃቸው ይዘው ታዩ። ወደ ሴትዮዋ ቤት ተመልሰው በግል ይቅርታ ጠየቁ። ፓርቲያቸው አብላጫውን አጥቶ ሜይ 11 ቀን ሥልጣን ለቀቁ። በዚያው በሮችዴል ግን የብራውን ፓርቲ የሌበር ዕጩ አሸንፏል።

በ2012 ደግሞ የአሜሪካ ዕጩ ሚት ሮምኒ በዝግ የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ላይ፣ 47 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ በመንግሥት ላይ የተደገፈ በመሆኑ እንደማይመርጣቸው ሲናገሩ በድብቅ ተቀርጸው ቪዲዮው በሴፕቴምበር ይፋ ሆነ። ሮምኒ ባለጸጋ ነጋዴ ስለነበሩ ቃሉ ተቃዋሚዎቻቸው ሲሏቸው ከነበረው ጋር ገጠመ። በምርጫው ያገኙት የሕዝብ ድምፅም 47 በመቶ ገደማ ነበር።

የሕዳሴው ግድብ እና ያልታሰቡ ንግግሮች

ኢትዮጵያ በሜይ 2013 መጨረሻ የዓባይን ወንዝ አቅጣጫ ለግድቡ ሥራ ማስቀየሯን ተከትሎ፣ የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሙርሲ በጁን 3 ቀን የፖለቲካ ፓርቲ መሪዎችን በቤተ መንግሥት ሰበሰቡ። ስብሰባው በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ ብዙዎቹ ተሰብሳቢዎች ግን ይህንን አያውቁም ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል የኢትዮጵያን አማፅያን ስለመደገፍና ግድቡን ስለማበላሸት ሐሳብ ያቀረቡ ነበሩ። የፕሬዚዳንቱ ረዳት ተሰብሳቢዎቹ ስለ ሥርጭቱ ባለመነገራቸው ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው የተጠየቀው ለተሰብሳቢዎቹ እንጂ ስለ ተባለው ነገር አልነበረም።

ኢትዮጵያ የግብፅን አምባሳደር ጠርታ ማብራሪያ ጠየቀች። በጁን 13 ቀን፣ ስብሰባው በተሰራጨ በ10ኛው ቀን፣ የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓባይ ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ስምምነቱ የተፈረመው በ2010 ሲሆን፣ መጽደቁ ከስብሰባው ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። በኢትዮጵያ ግን የተሰማው ንግግር ስለ ግብፅ ዓላማ የነበረውን የቆየ ጥርጣሬ አጠናከረ።

በኦክቶበር 23 ቀን 2020 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በዋይት ሀውስ ሆነው ከሱዳንና ከእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጋር ጋዜጠኞች ባሉበት በስልክ ሲነጋገሩ፣ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል ተናገሩ። ጥሪው የተደረገው ስለ ሱዳንና እስራኤል ግንኙነት እንጂ ስለ ግድቡ አልነበረም። የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በማግስቱ የአሜሪካን አምባሳደር ጠርቶ ማብራሪያ ጠየቀ። አሜሪካ በግድቡ ድርድር ላይ ታዛቢ ሆና ስለነበርና ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለኢትዮጵያ ከምትሰጠው ዕርዳታ ከፊሉን ስላገደች፣ ንግግሩ እንደ ተራ የአፍ ወለምታ ሊታለፍ አልቻለም።

ለመልካም የዋለ ችኩል መልስ

በሴፕቴምበር 9 ቀን 2013 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪ፣ ሶርያ ከአሜሪካ ጥቃት ለመዳን ማድረግ የምትችለው ነገር እንዳለ በለንደን ተጠየቁ። የኬሚካል መሣሪያዋን በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብታስረክብ ትድናለች፣ ነገር ግን አታደርገውም ሲሉ መለሱ። መሥሪያ ቤታቸው ንግግሩ ሐሳብን ለማስረዳት ያህል የተነገረ እንጂ የድርድር ጥሪ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከረ። የሩሲያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰርጌይ ላቭሮቭ ግን በዚያው ቀን ሐሳቡን ይፋዊ ጥያቄ አድርገው አቀረቡት። በሴፕቴምበር 14 ሁለቱ አገሮች በጄኔቫ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ሶርያም የኬሚካል መሣሪያ እገዳ ስምምነት አባል ሆነች። ያሳወቀችው ክምችት ከአገር ወጥቶ ቢወድምም፣ ከዚያ በኋላ የደረሱ የኬሚካል ጥቃቶች ሁሉንም እንዳላስረከበች አሳይተዋል።

የስም መቀያየር

በሜይ 18 ቀን 2022 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በዳላስ ሲናገሩ፣ ዩክሬንን ማለት ፈልገው አንድ ሰው ያለ ምንም ምክንያት በጭካኔ «ኢራቅን» ወረረ አሉ። ወዲያው አርመው በዕድሜያቸው ቀለዱ፤ ታዳሚውም ሳቀ። በ2003 ኢራቅን ለመውረር የወሰኑት ራሳቸው ስለነበሩ ግን በኢራቅና በሌሎች አገሮች ስህተቱ እንደ ኑዛዜ ተሰማ።

በጁላይ 11 ቀን 2024 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በዋሽንግተኑ የኔቶ ጉባኤ ላይ የዩክሬኑን ፕሬዚዳንት ቮሎዲሚር ዜለንስኪን «ፕሬዚዳንት ፑቲን» ብለው አስተዋወቁ፤ በቅጽበት አረሙት። በዚያው ምሽት ምክትላቸውን ካማላ ሃሪስን «ምክትል ፕሬዚዳንት ትራምፕ» አሉ። በአንድ ምድብ ያለ ስም መቀያየር ተራ ነገር ነው። ሆኖም ከሁለት ሳምንት በፊት ከተደረገው ደካማ ክርክራቸው በኋላ አገሩ ሁሉ ስለ ዕድሜያቸው ይጠይቅ ስለነበር ስህተቱ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። በጁላይ 21 ከውድድሩ ወጡ።

የትርጉም ስህተቶች

በኖቬምበር 18 ቀን 1956 የሶቪየት መሪ ኒኪታ ክሩሽቼቭ በሞስኮ ለምዕራብ ዲፕሎማቶች «እንቀብራችኋለን» አሉ። ቃሉ በምዕራቡ ዓለም የኒውክሌር ዛቻ ተደርጎ ተወሰደ። የሩሲያኛው አባባል ከናንተ በኋላ እንኖራለን፣ ቀብራችሁ ላይ እንቆማለን የሚል መንፈስም አለው። ክሩሽቼቭ ራሳቸው በኋላ የሚቀብራችሁ የገዛ አገራችሁ ሠራተኛ መደብ ነው ሲሉ አብራርተዋል።

በዲሴምበር 29 ቀን 1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ዋርሶ ሲደርሱ ያደረጉትን ንግግር አስተርጓሚው በፖላንድኛ ሲያቀርብ፣ ከአሜሪካ መነሣታቸው አገራቸውን ጥለው እንደመሄድ፣ የፖላንድን ሕዝብ ምኞት ማወቅ መፈለጋቸውም እንደ ሥጋዊ ፍላጎት ተሰማ። ፖላንዳውያን ሳቁ፤ ጉዳዩም በሳቅ አለፈ።

በኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ቅርብ የሆነው የ1889ኙ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ነው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መነጋገር «ይችላሉ» ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ይህ በጽሑፍ የሰፈረና ብዙዎች ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚሉት በመሆኑ ከአፍ ወለምታ ይለያል። በ1896 በዐድዋ ጦርነት መቋጨቱ ግን የአንድ ግስ ልዩነት በመንግሥታት መካከል ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያሳያል።

ያልተሠራ ስህተት

አንዳንድ የአፍ ወለምታዎች ፈጽሞ አልተፈጸሙም። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በጁን 26 ቀን 1963 በምዕራብ በርሊን በጀርመንኛ «እኔ በርሊናዊ ነኝ» ሲሉ፣ በሰዋስው ስህተት «እኔ ቦንቦሊኖ ነኝ» አሉ የሚለው ወሬ በብዙ አገሮች ተሰራጭቷል። ዓረፍተ ነገሩ ግን ለምሳሌያዊ አነጋገር ትክክል ነው። «በርሊነር» የተባለው ጣፋጭም በበርሊን ከተማ በሌላ ስም ነው የሚጠራው። በቦታው የነበረው ሕዝብ በአድናቆት ጮኸ እንጂ አልሳቀባቸውም።

ስህተቱ የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ በመሪው ስም የቀረበት ጊዜም አለ። በጁን 15 ቀን 1992 የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ዳን ኩዌይል በኒው ጀርሲ ትምህርት ቤት «ድንች» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል የጻፈ ተማሪ በመጨረሻው ላይ አንድ ፊደል እንዲጨምር አደረጉ። የተሳሳተው አጻጻፍ ትምህርት ቤቱ በሰጣቸው ካርድ ላይ ነበር። ኩዌይል አስተዋይ አይደሉም የሚል ስም አስቀድሞ ስለወጣላቸው፣ ስለ ካርዱ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ውጤት እና እርማት

ስህተቶች ምርጫን ምን ያህል እንደሚወስኑ ምሁራን አይስማሙም። ጆን ሳይድስና ሊን ቫቭሬክ ስለ 2012ቱ የአሜሪካ ምርጫ በጻፉት መጽሐፍ፣ እንደ 47 በመቶው ቪዲዮ ያሉ ክስተቶች በመራጩ ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ ጋዜጠኞች ካሰቡት ያነሰ እንደነበር ያስረዳሉ። አብዛኛው መራጭ አቋሙን አስቀድሞ ይዟል፤ የሚደግፈው ሰው ሲሳሳት ያልፈዋል፣ የሚቃወመው ሲሳሳት ግን ያስታውሰዋል።

በዲፕሎማሲ ሁኔታው ይለያል። ሌላ መንግሥት የመሪውን ቃል በቀልድነቱ ሳይሆን በሚያስከትለው አደጋ ይመዝነዋል፤ ስለዚህ ፈጣንና ግልጽ ማብራሪያ ይጠብቃል። እርማቱ ራሱ ሌላ ክርክር ሊያስነሣም ይችላል። በኦክቶበር 29 ቀን 2024 ፕሬዚዳንት ባይደን ስለ ተቃዋሚያቸው «ደጋፊዎች» ወይም ስለ አንድ «ደጋፊ» ንግግር ቆሻሻ የሚል ቃል መጠቀማቸው ሲያከራክር፣ ዋይት ሀውስ ባወጣው ጽሑፍ አንዲት ሥርዓተ ነጥብ በመጨመር ሁለተኛውን ትርጉም ያዘ። የንግግር መዝጋቢዎቹ ክፍል ለውጡን ተቃውሞ ነበር።

ጥንቃቄ

መሪን ከገዛ አፉ መጠበቅ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት «አፈ ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ የንጉሥ አፍ ማለት ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ በንጉሡ ስም የሚናገር ባለሥልጣን መጠሪያ ነበር። ኋላ የከፍተኛ ዳኛ ማዕረግ ሆነ። ቃሉ በሌላ ሰው አፍ ሲያልፍ ስህተቱም በሌላው ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። የዛሬ ቃል አቀባዮች፣ ተጽፎ የሚነበብ ንግግርና አስቀድሞ የሚቀርብ ጥያቄ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ። የሻቦቭስኪ ታሪክ ግን ቃል አቀባዩም ሊሳሳት እንደሚችል ያስታውሳል።

ጥንቃቄ አድማጩንም ይመለከታል። በማኅበራዊ መገናኛ የሚዘዋወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች የንግግሩን መነሻና መድረሻ፣ አንዳንዴም ወዲያው የተከተለውን እርማት ይቆርጣሉ። አንድን የመሪ ስህተት ለመጥቀስ የሚፈልግ ተማሪ ሙሉውን ቅጂ፣ የተነገረበትን ቀንና ቋንቋ፣ እንዲሁም ተናጋሪው በኋላ ያለውን ማየት ይኖርበታል። ኬኔዲ ያላሉት ቃል ከ60 ዓመት በኋላ ዛሬም ድረስ ይነገራል።